ከነሙታኑ የተገዛ ቤት

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ ወንድም ጋሼ ኢሳኦ፣

ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎን ተሻለዎት ወይ? ባለቤትዎ ዮሺኤስ፣ ልጆቹስ? የብራዚሉ ብርድ አለፈላችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ስጽፍ የሩዝ ማሳው ሽታ በጓሮ በር ይገባል፤ ጓሮው ደግሞ የራሴ ነው። አዎ፣ ለእንግዳ ማረፊያ የተመኘሁትን ያንን አሮጌ ቤት ገዛሁት።

በበረዶው ወራት ባለቤቱ እምቢ እንዳሉኝ ጽፌልዎ ነበር። ሽማግሌው አቶ ኩራሞቶ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ከገቡ ወዲህ ቤቱ ባዶውን እየፈረሰ፣ ሽጡልኝ ሲሏቸው ግን አሻፈረኝ ይሉ ነበር። ምክንያቱን የነገሩኝ ፊት ለፊት ስንገናኝ ነው። «በነሐሴ ሙታኔ ወደዚህ ቤት ይመለሳሉ። እናቴ መጥታ የማታውቀው ሰው ሻንጣ ሲጎትት ብታይ ምን ትላለች?» አሉኝ።

ጭንቀታቸው ገባኝ። የተከራየሁት ፎቅ ላይ እሳት ክልክል ስለሆነ፣ ባለቤቴ ሹንጂ ካረፈ ጀምሮ አንድም ነሐሴ ደጃፍ ላይ እሳት አንድጄ ወደ ቤት የሚመለስበትን መንገድ አብርቼለት አላውቅም። ይህ እንደ እሾህ ውስጤ ተሰክቶ ኖሯል። ስለዚህ «የመቀበያውን እሳት በየዓመቱ እኔ አነድላቸዋለሁ» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና «አንቺ ሴትዮ፣ የእንግዳ ማረፊያ ልትከፍቺ አይደል? ሙታኔንም የአልጋ ልታስከፍያቸው ነው?» አሉ። «ቁርስ ስለማይበሉ ቅናሽ አደርግላቸዋለሁ» አልኩ። ዝምተኛዋ እህትዎ! ከአፌ እንዴት እንደወጣ እንጃ። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ፤ በዚያው ሳምንት ሸጡልኝ።

ጎረቤቶቼ ይባረኩ፣ ጣሪያውን በሣር አብረውኝ ከደኑ። የመጻሕፍት ሣጥኖቼን ሲያወርዱ ግን «ይቺ ሴት የምታነበው ድንጋይ ነው እንዴ?» እያሉ ቀልደውብኛል።

ባለፈው ሳምንት የሙታኑ በዓል ደረሰ። አቶ ኩራሞቶን ልጃቸው ደግፋ አመጣቻቸው። የመጀመሪያዎቹ እንግዶቼ፣ ከኦሳካ የመጡ ባልና ሚስት፣ ደጃፉ ላይ አብረውን ቆሙ። ጭራሮውን ለኮስኩ። ሽማግሌው የእናት የአባታቸውን ስም ጠርተው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞሩና «ምን ትጠብቂያለሽ? ያንቺንም ሰውዬ ጥሪው እንጂ፤ ቤቱ ሰፊ ነው» አሉኝ።

ጠራሁት፣ ወንድም ጋሼ። ሰው እየሰማኝ፣ ጮክ ብዬ፣ በስሙ ጠራሁት።

ዮሺኤን ስለላከችልኝ ሹራብ ያመስግኑልኝ። ልጅዎን ማሪኮንና ባሏን፣ ያችን ጥርስ ያበቀለች የልጅ ልጅዎንም ይሳሙልኝ። ሹንጂም ሰላም ይላችኋል፤ ይህን በማለቴ አይሳቁብኝ።

እህትዎ ፉሚኖ
ሺማኔ፣ ናካታኒ መንደር
ነሐሴ 20 ቀን