ዕቃ ቤት የተቆለፈበት የልጆቹ ሸክላ

እማዬ፣

በሞት ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። የቡሬው ቤታችን ጣራ ያፈሳል፤ ወንድሜ አድሰዋለሁ ብሎ ዝም አለ። ጭቃ ትቆፍሪበት የነበረው ቦታ ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል። እኔ እዚሁ ፍኖተ ሰላም ስምንተኛ ክፍል ዜግነት አስተምራለሁ። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ናፍቆቴን ልነግርሽ ብቻ አይደለም፤ ተናድጄ ነው።

ስለ እኩል መብት ታሪክ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስደርስ፣ መጽሐፉ የእጅ ባለሙያዎችን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፏቸዋል። እኔ ግን ልቅሶ ቤት ሄደሽ፣ ራስሽ ከሠራሽው እንስራ ውሃ እየቀዱ፣ ለአንቺ ብቻ ደጅ ላይ በተሰነጠቀ ቅል ሲሰጡሽ አይቻለሁ። አባትሽ መሬት ተከልክለው መኖራቸውንም ነግረሽኛል።

ስለዚህ ጭቃ ከቡሬ በጆንያ አስመጣሁ። ተማሪዎቼን፣ «ቤታችሁ ሄዳችሁ ትልልቅ ሰዎች ጠይቁ፤ የሰማችሁትን በጭቃ ሥሩት» አልኳቸው። ብታዪ! አንዱ ገበያ ሠራ፤ ሻጩ ሁሉ አንድ ላይ፣ አንዲት ሸክላ ሻጭ ሴት ብቻ ዳር ላይ። አንዷ ደግሞ ሠርግ ሠርታ ቀጥቃጩን ከዳሱ ውጭ አስቀመጠችው። ማን እንዳስወጣው ስጠይቃት፣ «አያቴን ስጠይቃቸው አቀርቅረው፣ እኔ ነኝ ያስወጣሁት አሉኝ» አለች። ዓመቱን ሙሉ ያላስተማርኳቸውን በዚያች ሰዓት ተማሩ።

የወላጆች ቀን ሥራዎቹን ደረደርን። አንዲት እናት ገና ከበሩ ላይ የልጇን እጅ ጎትታ፣ «የቡዳ ሥራ ነው እንዴ ልጄን የሚያስነኩብኝ?» አለችኝ። ርዕሰ መምህሩ ጠጋ ብሎ፣ «የተረሳ ነገር አትቀስቅሺ። ይህን ጭቃ አንሺልኝ» አለ። ማን ዘንድ ነው የተረሳው? ሁሉንም ዕቃ ቤት አስገብተው ቆለፉበት።

ከሁሉ በላይ የሚያበግነኝ ግን የራሴ ነገር ነው። እዚያው ቆሜ፣ እኔም የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ኮሌጅ ስገባ፣ ከጠየቁሽ የገበሬ ልጅ ነኝ በይ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ለእኔው ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አንቺም ላይ ተናድጃለሁ፣ ይቅር በይኝ። ያንን ውሸት አሥራ አንድ ዓመት ተሸክሜ ኖርኩ።

ሰኞ ክፍል ገብቼ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ስምሽን፣ ሥራሽን፣ የልቅሶ ቤቱን ቅል፤ ሁሉንም። በማግስቱ ሦስት ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ሌላ ክፍል አዛወሩ። አብራኝ ምሳ ትበላ የነበረች መምህርትም ከዚያ ወዲህ ሥራ በዝቶባታል። የልጆቹ ሥራ እስከ ዛሬ አልወጣም፤ ቁልፉን በጠየቅሁ ቁጥር ነገ ይሉኛል። ልጆቹ ደግሞ መቼ ይወጣል እያሉ በየቀኑ እኔን ይጠይቁኛል።

ባለፈው ሳምንት የትምህርት ዕቅዴን ስሞላ፣ የመረጃ ምንጭ በሚለው ቦታ ላይ «እናቴ አንጓች፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቡሬ» ብዬ ጻፍኩ። ርዕሰ መምህሩ በቀይ ሰርዞ መለሰልኝ። ያንኑ ጽፌ መልሼ አስገባሁ። ዛሬም ሰረዘው። ነገም እጽፈዋለሁ። እሱ መሰረዝ አይታክተው ይሆናል፤ እኔ ግን፣ እማዬ፣ ከእንግዲህ አልደብቅሽም።

ልጅሽ