የፊት ለፊቱ ክፍል

ለውድ እህቴ ለዲምፕና፦ እንዴት ሰነበትሽ? የሲድኒ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? እኛ ከአየርላንድ ዝናብ በቀር የከፋብን ነገር የለም፤ ተመስገን ነው።

ልጄ ኮልም ለምክር ቤት እየተወዳደረ ነው። ወንድ እንደሚወድ በአደባባይ ተናግሮ ምርጫ የገባ በአውራጃችን እሱ የመጀመሪያው ነው። «እንደ እኔ ያለውን ማንም ከሥራው እንዳያባርር ሕግ ይውጣ» እያለ በር ለበር ይዞራል።

መቼም ተወዳዳሪ ከቀብር እንደማይቀር ታውቂያለሽ። ማክሰኞ ዕለት ሲቻኮል የማያውቀው ሰው ቀብር ገብቶ ሬሳ ሳጥኑን ተሸክሞልሽ መጣ! ሟቹ ለካ የተቀናቃኙ አጎት ኖሯል። መበለቲቱ ግን «የባሌ ወንድም ልጅ እጁን ኪሱ ከትቶ ሲያይ፣ አንተ ተሸከምክልኝ፤ ድምፄ ያንተ ነው» አለችው። በሳቅ ሞትኩ።

የፊት ለፊቱን ክፍል መስኮት ነፋስ ሰብሮት ነበር። መስታወት ገጣሚው ፓኪ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ «ኖሪን፣ ይሄ ድንጋይ የሚወረውር ነፋስ የሚያውቀው የእናንተን ቤት ብቻ ነው?» አለኝ። ሻይ ቀድቼ አፉን አስያዝኩት።

ደግሞ የኮልምን አልጋ ከዚያ ክፍል ወደ ጓሮው ክፍል አዛወርኩት፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ዓይኑን እንዳትወጋው ብዬ ነው። «እማዬ፣ የምን ፀሐይ? ካየናት ወር አልፎን የለ!» ብሎ ሳቀብኝ። ሳቁን ግን ቶሎ አቆመና አልጋውን አብሮኝ ገፋ።

የፊት ለፊቱን ክፍል እኔ ይዤዋለሁ። ፀሐይዋ ለእኔ ትስማማኛለች።

በይ ደህና ሁኚልኝ፤ ስትጸልዪ ኮልምን በስሙ ጥሪልኝ።

እህትሽ ኖሪን