ስለ ያርኮ ጫማ እውነቱን ልንገርሽ

ለውድ እህቴ ለእትዬ አውኔ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ያ የብሪዝበን ሙቀት ትንሽ ፋታ ሰጥቶሽ ይሆን? ባለቤትሽ ኦሊስ ጀርባውን እንዴት አደረገው? ሚርያ ትምህርቷን በደህና ይዛዋለች? እኛ እዚህ ሁላችንም ደህና ነን፤ እኔም፣ ሄልቪም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጅሽ ያርኮ ደህና ነው። ይህን ያስቀደምኩት የቀረውን እስክታነቢ ሆድሽ እንዳይባባ ብዬ ነው። በረዶው ከሐይቁ ላይ ገና አልለቀቀም፤ ዳር ዳሩ ግን ጠቁሯል። ሄልቪ የቤቱን መስኮት ሁሉ አጥባ ጨርሳ አሁን ዓይኗን ወደ ጎተራው አዙራለች፤ እኔም እሱን ፈርቼ ነው ጠረጴዛ ስር የተደበቅሁ ያህል እዚህ ጥግ ተቀምጬ የምጽፍልሽ።

ደብዳቤሽ ባለፈው ማክሰኞ ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስተኛውን ቆሜ ነው። ሰይማ የጋዜጣውን ቁራጭ እንደላከችልሽ የሰማሁት ካንቺ ነው። አጥር ለአጥር የምንተያይ ሰዎች፣ እኔን አንዲት ቃል ሳትጠይቀኝ፣ «በረኛውን እግሩ ከዳው» የሚለውን ርዕስ በቀይ አስምራ ባሕር ታሻግረው! አንቺም «ታውኖ፣ አንተ ዋሽተኸኝ አታውቅም፤ ልጄ መጠጥ ጀምሯል ወይ? ወይስ ፈርቶ ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እትዬ፣ ልጅሽ መጠጥ አልጀመረም። አልፈራምም። የዚያን ቀን የጣለው የኔ እጅ ነው። እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ጀምሬ ልንገርሽ፤ እስክጨርስ ድረስ ግን አትፍረጅብኝ።

ዘንድሮ የበረዶ ሆኪ ቡድናችን ሀውኪ መከራውን ነው ያየው። በመከር ዘጠኝ ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፍን። የገና በዓል ሲቃረብ አሰልጣኙ ተሰናብቶ ሌህቶላ የሚባል ሰው መጣ፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው እንደ መድኃኒት በማንኪያ ተለክቶ ነው። ከዚያ በኋላ ትንሽ ቀና አልን፤ ለዚህም ከሁሉ የበለጠ የደከመው ያንቺ ልጅ ነው። አንድ ቀን ብቻውን አርባ አንድ ምት መልሶ ሲወጣ ፊቱ የተቀቀለ ድንች መስሎ ነበር። ሆኖም መጨረሻ ከመሆን አልዳንም። የመጨረሻው ቡድን ደግሞ ከሁለተኛው ሊግ አሸናፊ ጋር ይጋጠማል፤ ቀድሞ ሦስት ጨዋታ ያሸነፈ በላይኛው ሊግ ይቀመጣል፤ የተሸነፈ ይወርዳል። ዕጣችን ራንታየርቪዎች ሆኑ። በእነሱ መሸነፍ ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ከተማው በሙሉ እንቅልፍ አጣ፤ ቄሱ እሑድ ዕለት «ለሚታገሉ ሁሉ» ብለው ሲጸልዩ ማንን እንደሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም። ተጫዋቾቹ እንደ ልማዱ ማጣሪያው እስኪያልቅ ጢማቸውን አንላጭም አሉ፤ እኔም አብሬ ተውኩት፣ ሄልቪም ለሁለት ሳምንት ጉንጯን ነፍጋኝ ከረመች።

የመጀመሪያውን እዚህ አሸነፍን፤ ሁለተኛውን እዚያ ተሸነፍን። ሦስተኛው ሐሙስ፣ ማርች መጨረሻ ላይ፣ እዚህ ነበር።

አንቺ ጨዋታውን ሁልጊዜ በጣቶችሽ መካከል እያጮለቅሽ ስለምታይው ይህን ላስረዳሽ። የበረዶ መንሸራተቻው ጫማ ሥር ያለው ብረት መሃሉ እንደ ቦይ ይቦረቦራል። ለተጫዋቾቹ ቦዩ ጠለቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ሁለቱ ጠርዞች በረዶውን ነክሰው ይይዛሉ። የበረኛ ግን ጠፍጠፍ ያለ መሆን አለበት፤ በረኛ ወደ ጎን መንሸራተት ስላለበት ብረቱ በረዶውን ከነከሰ እግሩ እንደተተከለ ይቀራል። ስለዚህ እኔ ጠዋት መጀመሪያ መሳያ ድንጋዩን ለያርኮ አስተካክዬ የሱን እስላለሁ፤ ከዚያ ድንጋዩን በአልማዝ ጫፍ እንደገና ቀርጬ ወደ ሌሎቹ እሄዳለሁ። የቡድኑን ጫማ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው የሳልኩት። ያን ሐሙስ ግን አምበሉ ሶርሳ በጠዋቱ ልምምድ ብረቱን ከግቡ ቋሚ ጋር አጋጭቶ ሸርፎት እየተጣደፈ መጣ። ድንጋዩን ለሱ ቀረጽኩ፤ የሱን ሳልኩ። ቀጥዬ የያርኮን አነሳሁና ድንጋዩን መልሼ ሳልቀርጽ በዚያው ላይ አሳለፍኩት።

ሁልጊዜ ከሳልኩ በኋላ ቦዩ ምን ያህል እንደጠለቀ ለማወቅ ሳንቲም ብረቱ ላይ አጋድሜ ወደ ብርሃን አይ ነበር። ያን ቀንም አየሁ። ነገር ግን ያየሁት ማየት የፈለግሁትን ነው፤ ምክንያቱም ሄልቪ ለሦስት ዓመት «መነጽር ግዛ» እያለች ስትለምነኝ «ዓይኔ ምን ሆነና» እያልኩ እመልስላት ነበር። ልጅሽ ደግሞ እንደምታውቂው አመለኛ ነው። በጨዋታ ቀን ጫማውን ከኔ በቀር ማንም አይነካውም፤ አንዴ ካሰረው በኋላ ጨዋታው እስኪያልቅ እኔም አልነካውም፤ ስለ ጫማ ቃል የተናገረ ሰውም ወዮለት። ስለዚህ በዕረፍት ላይ ይፈታው፣ ይየው፣ የሚባል ነገር የለም።

ስድስት ለአንድ ተሸነፍን። እትዬ፣ ሲጫወት ባየሽው ኖሮ ነፍስሽ ትወጣ ነበር። ወደ ግራ ሊሄድ ሲል እግሩ ይያዛል፤ በጉልበቱ ይወድቃል፤ ያቺ ክብ ጎማ በባዶው በኩል ትገባለች። ሁለት ጊዜ በደረቱ ተደፋ። እኔ ከተጠባባቂዎቹ ኋላ ቆሜ «በረዶው ነው፣ ቀኑ ሞቆ በረዶው ላሽቋል» እያልኩ ለሁሉም አወራ ነበር፤ ራሴም አምኜዋለሁ። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የገዛ ሕዝባችን አፏጨበት። ከዚያ ጋዜጣው ጻፈ፤ ከዚያ ዳቦ ቤት ውስጥ አንዱ «ረቡዕ ማታ ሲጠጣ ታይቷል» አለ፤ በዋዜማው የት እንደነበረ እኔ አውቃለሁ፣ እኛ ቤት ለሄልቪ ድንች እየላጠላት ነበር።

ዓርብ ጠዋት ጫማውን ለልምምድ ላዘጋጅ አነሳሁትና አውራ ጣቴን በብረቱ ላይ አሳለፍኩ። ቆዳዬን ያዘው። የበረኛ ብረት እንዲያ አይዝም። ሳንቲሙን አጋደምኩ፤ ወደ መስኮቱ ሄድኩ፤ የሄልቪን የሹራብ መሥሪያ መነጽር ከምሳ ዕቃዬ ቦርሳ አውጥቼ አጠለቅሁ፤ በተንኮል እዚያ ትከትልኝ ነበርና። ቦዩ እንደ ሶርሳ ጫማ ጠልቋል። ድንጋዩን ቀርጬ፣ ብረቱን አስተካክዬ፣ ጫማውን ቦታው ላይ አስቀመጥኩ። ለማንም ምንም አልተናገርኩም።

ዓርብ ማታ እራታችን ላይ የሳልመን ዓሣ ሾርባ ነበር። ያርኮ ማንኪያውን አስቀምጦ ለሄልቪ «ከዚህ በኋላ ይብቃኝ። እግሬ አልታዘዝ ብሎኛል። ከማጣሪያው በኋላ እንጨት ፋብሪካው ሄጄ ሥራ እጠይቃለሁ» አላት። ሌህቶላም ለእሑዱ ጨዋታ ሁለተኛውን በረኛ ኪሞን እንደሚያሰልፍ ነግሮት ነበር። ሄልቪ «የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ እግሩ አይደክምም» ብላ ተቆጣችው። እኔ ዳቦ ላይ ቅቤ ቀባሁ። ቀና ብዬም አላየሁት። ካደረግሁት ሁሉ የሚያሳፍረኝ ያ ቅቤ ነው።

ቅዳሜ ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያው ውስጥ፣ አብረን ገባን። አገር ለቀሽ ስትሄጂ «ያርኮ ሆዱን ሲብሰው ሳውና ውስጥ ነው የሚያወራው፣ ዝም ብለህ ስማው» ብለሽኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ማውራት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ልናገር እልና በምትኩ የጋለው የሳውና ድንጋይ ላይ ውኃ እጨምራለሁ። አራተኛውን ሳፈስ «አጎቴ፣ ልታበስለኝ ነው እንዴ? ተነገረኝ እኮ፣ ነገ አልሰለፍም፣ መግደል አያስፈልግህም!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ከጋዜጣው የበለጠ ቆረጠኝ።

እሑድ በአውቶቡስ ወደ ራንታየርቪ ስንሄድ መሃል መንገድ ላይ ቡና ለመጠጣት ቆምን። ሌህቶላ ውጭ ቆሞ ቋሊማ ይበላ ነበር። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩና ሁሉንም ነገርኩት። እሱም እያኘከ ሰማኝ።

«ካወቅህ ስንት ቀን ሆነህ?» አለ።

«ሁለት።»

ቋሊማውን እስከ መጨረሻው በላ፤ ጣቱን ጠረገ። «ለኔ መንገርህ ምን ያደርግልኛል? እኔ በረዶ ላይ አልቆም። ለነሱ ንገራቸው» ብሎኝ ወደ አውቶቡሱ ወጣ።

ልብስ መቀየሪያው ውስጥ የያርኮን ጫማ በሁለት እጄ ይዤ መሃል ላይ ቆምኩ። ሃያ ሁለት ጢማም ወንዶች አፈጠጡብኝ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ስለ ድንጋዩም፣ ስለ ሳንቲሙም፣ ስለ ሁለቱ ቀንም። ያርኮ «ማለት... እኔ አይደለሁም?» አለ። እንዲህ ቀስ ብሎ፣ ልክ ሕፃን ሆኖ ከእንቅልፉ ሲነቃ ይጠይቅሽ እንደነበረው።

«አንተ አይደለህም» አልኩት።

«ስድስቱም?»

«ስድስቱም የኔ ናቸው።»

ተነሣና የእጅ ጓንቱን በሙሉ ኃይሉ ደረቴ ላይ ወረወረው። ያ ጓንት ቀላል እንዳይመስልሽ። «ሁለት ቀን! ሾርባ አብረን በልተናል! ሳውና አብረን ገብተናል!» ብሎ ጮኸ። ያን ጊዜ ሶርሳ ከጥግ «እኔ ደግሞ ሐሙስ ዕለት በረዶው እንደዚያ ሲታዘዘኝ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ታውኖ ሌላውን ሁሉ ለኔ ብሎ ረስቷል» አለ። አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለ፤ ያርኮ ግን አልሳቀም። እጁን ዘርግቶ «ጫማዬን» አለኝ። ጥፍሩን በብረቱ ላይ አሳለፈ፤ አየው፤ ደግሞ አሳለፈ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ያስር ጀመር። ሌህቶላ በሩ ላይ ቆሞ «ኪሞ፣ ዛሬ ዐረፍ በል» አለ።

ሁለት ለአንድ አሸነፍን። ማክሰኞ እዚህ አምስተኛውን ስንጫወት የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች አላየኋቸውም፤ አንቺ በጣትሽ እንደምትሸፍኚው እኔ ደግሞ ሥራ ቦታዬ ገብቼ ጆሮዬን ይዤ ቆሜ ነበር። መደርደሪያው ላይ ያሉት ጠርሙሶች መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ ጣሪያው የወረደ መሰለኝ፤ ለካ ማሸነፋችን ነው። ሦስት ለሁለት። እዚያው ወለል ላይ ቁጭ አልኩ፤ እትዬ፣ እንዲህ ያለ እፎይታ በዕድሜዬ አላየሁም። ቡድኑ አልወረደም፤ ልጁም ያው እዚያው ግቡ ፊት ቆሞ ስሙ እየተጠራ ነው። ፉጨት ያሰሙት ሰዎች ናቸው የጠሩት፤ ይሁን፤ ይጥሩት።

ያርኮ ለሦስት ቀን ከሰላምታ ሌላ ቃል አልሰጠኝም። አልከፋኝም፤ ይገባኛል። በአራተኛው ቀን ከሄልቪ ጋር ሆነው መነጽር ቤት ወሰዱኝ፤ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ይዘው፣ እንደ ተያዘ ሌባ። መነጽሩን ሳደርግ ሄልቪ «በሃያ ስምንት ዓመት ዛሬ ገና በደንብ አየኸኝ» ስትል ያርኮ ሳያስበው ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ታረቅን። የእንጨት ፋብሪካው ነገርም ተረሳ፤ ለሁለት ዓመት ፈርሟል። ክለቡም እኔን አላባረረኝም፤ ሌህቶላ «ሰውየው አሁን ማየት ይችላል» ብቻ ነው ያላቸው አሉ።

ደብዳቤሽ ሲመጣ ለያርኮ አሳየሁትና አንተ ጻፍላት፣ ካንተ ብትሰማው ይቀላታል አልኩት። «አይሆንም፣ አጎቴ። የጠየቀችው አንተን ነው። እኔ ይቅር ብዬሃለሁ፤ የእማዬን ግን ራስህ ጠይቅ» አለኝ። እነሆ ጠየቅሁሽ። ልጅሽን አደራ ብለሽኝ ሄድሽ፤ እኔም ሁለት ቀን ሙሉ የራሴን ጥፋት አሸክሜው ተቀመጥኩ። ይቅር በይኝ። አሁኑኑ ባትችዪም ዝም አትበይኝ፤ ተቆጥተሽም ቢሆን ጻፊልኝ።

ኦሊን በርታ በይልኝ፤ ጀርባው ሳይድን አጥር ሊጠግን እንዳይነሣ ጠብቂው። ሚርያን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ሄልቪ ቀይ የሱፍ ካልሲ ሠርታላታለች፤ በዚያ ሙቀት ምን እንደምታደርገው እኔም አልገባኝም። ሄልቪ በጣም ትናፍቅሻለች። ሰይማም «ሰላም በልልኝ» ብላኛለች፤ እንግዲህ ብያለሁ።

የሚወድሽ ወንድምሽ
ታውኖ

ኪቪሳልሚ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 1992

እማዬ፣ ሳይታሸግ በፊት አንብቤዋለሁ። የጻፈው ሁሉ እውነት ነው። ስድስተኛዋን ጎል ግን ቆሜ ነው ያሳለፍኳት፤ እሷ የኔ ናት። በሱ ላይ አትቁጠሪበት። ልጅሽ ያርኮ።