ሰባት ጉልበት የሚበላው ዘንዶ

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 11፣ ማታ

ዛሬም ተሸነፍኩ። ከመ/ቤት ወጥቼ ቀጥታ ፒያሳ፣ ኑረዲን ጨርቅ ቤት። ባንኮኒው ላይ ካርዱን ዘረጋን። ታውቀዋለህ ማስታወሻዬ፤ በየተራው አንድ አንድ ጉልበት ይጨመርልናል፣ ባለን ጉልበት አውሬ እናወርዳለን። የእኔ ዘንዶ ሰባት ይበላል። የኑረዲን ንቦች አንድ አንድ። ዘንዶዬን እጄ ላይ እንደያዝኩ ንቦቹ ጨረሱኝ። «ዘንዶ የፋራ ነው፣ ጀለስ» አለኝ ካርዱን እየሰበሰበ። የልጅነት ጓደኛዬ ባይሆን ኖሮ አልችለውም ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 13

ከካርዶቼ መሃል ትላልቆቹን አውሬዎች በሙሉ አወጣሁ። አይጥ፣ ንብ፣ ጉንዳን ብቻ። ምሳ ሰዓት አራት ኪሎ ካፌ ከሰላም ጋር ሞከርኩ (የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ ጨዋታውን ያለማመድኳት እኔ)። አጀማመሬ ጥሩ። ቶሎ ቶሎ ወጋኋት። ከዚያ እጄ ባዶ ሆነ። እሷ አንድ ዝሆን አወረደች። ጉንዳኖቼ እግሩ ሥር አለቁ። ማኪያቶዬ ቀዘቀዘ። ግን ገባኝ፦ ርካሹ ያቆያል፣ ውዱ ይጨርሳል።

ሰኞ፣ ጥቅ. 17

ዘንዶዎቹን መለስኩ። ሁለት ብቻ። የቀረው ሁሉ ትናንሽ። ለኑረዲን ላሳየው ሄድኩ፤ ሱቁ ዝግ ነው። ደወልኩለት። ቤት ውስጥ ሥራ አለብኝ፣ ቅዳሜ ስድስት ኪሎ ካፌ ውስጥ በሚደረገው የካርድ ውድድር ላይ እንገናኝ አለ። ድምፁ ቀዝቀዝ ብሎብኛል። ምን ነካው?

ቅዳሜ፣ ጥቅ. 22፣ ከሰዓት በኋላ

ካፌው በተማሪ ሞልቷል። ግማሽ ፍጻሜ ላይ ኑረዲን ደረሰኝ። ንቦቹ መጡ። አይጦቼን ፊት ለፊታቸው አሰለፍኩ፤ እየሞቱ አቆዩልኝ። ለመሸነፍ አንድ ንድፊያ ሲቀረኝ ሰባተኛው ተራ ደረሰ። ዘንዶው ወረደ። ኑረዲን ካርዱን አየ፣ እኔን አየ፣ ሳቀ። እጅ ሰጠ።

ፍጻሜውን በአንዲት ተማሪ ተሸነፍኩ። ግድ አልሰጠኝም።

ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በእግር ስንወርድ ነገረኝ። ሰፈራቸው ሊፈርስ ነው። ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷቸዋል፤ ነገ ይገባሉ። ሱቁንም እዚያው ሊከፍት ነው። ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልከኝ አልኩት።

«ብነግርህ እያዘንክልኝ ነበር የምትጫወተው» አለ። «እኔ ደግሞ የምር እንድትጫወት ፈለግኩ።»

ነገ ዕቃ ለመጫን ስንት ሰዓት ልምጣ አልኩት።

እሑድ፣ ጥቅ. 23፣ ማታ

ዕቃ ስንጭን ዋልን። ወገቤ አለቀ። እናቱ እማማ ዘሃራ ሁሉ ነገር ከተጫነ በኋላ ባዶውን ቤት ጠረጉት። ለሚፈርስ ቤት ምን ያደርጋል አልኳቸው። «ልጄ፣ ቆሻሻ ትተው ሄዱ እንዳንባል» አሉኝ። ኑረዲን ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ።

እመጣለሁ አልኩት። ሩቅ ነው፣ አንድ ሁለቴ መጥተህ ትተወዋለህ አለኝ። አልተከራከርኩም። ሁለት ታክሲ ነው። ረቡዕ ከሥራ ስወጣ እሄዳለሁ፣ በየሳምንቱም። ዛሬ አላመነኝም። ረቡዕ በሩ ላይ ሲያየኝ ያምናል።