መግቢያ እንጂ መውጫ ስለሌለው አክሲዮናችን

ለተከበሩ የጠርሙስ ፋብሪካችን የዳይሬክተሮች ቦርድ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደ ቦርድ አበልዎ ከዓመት ዓመት እየጨመረ እንዲሄድ፣ የደም ግፊትዎም እንደ እኛ የትርፍ ድርሻ ዝቅ ብሎ እንዲቆይልዎ ከልብ እየተመኘሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ፣ ፋብሪካው ገና ባዶ መሬትና አንድ ትልቅ ሥዕል በነበረበት ጊዜ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሁለት መቶ አክሲዮን የገዛሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ ስላላለፈ የምጽፈው የተማርኩትን ሳይሆን የደረሰብኝን ነው። ወሬም አበዛለሁ፤ ቢረዝምብዎ ይታገሡኝ፤ እርስዎ ረጅም ነገር እንደሚወዱ ሰምቼ ነው የደፈርኩት።

አንደኛ፣ በየዓመቱ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ስለሚያድሉን ቆብና ትምህርት አመሰግናለሁ። ባለፈው ጉባኤ «ገንዘቡን ባሕር ማዶ የሚያስቀምጥ ሰው የራሱን እናት ጦም አሳድሮ የሰው እናት እንደሚጦር ነው» ሲሉ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ መዳፌ እስኪቀላ አጨብጭቤያለሁ። አጠገቤ የነበሩት ጡረተኛ የሒሳብ አስተማሪ «አንቺ ልጅ፣ ቀስ በይ እንጂ! ትርፋችሁ አዲስ አክሲዮን ይሁን በሚለው ላይ እያጨበጨብሽ እንዳይሆን» ቢሉኝ፣ «ጋሼ፣ ዛሬን እንኳ አይነጫነጩ» ብዬ ዝም አሰኘኋቸው። ለካ እውነታቸውን ኖሯል፤ ንግግሩና ውሳኔው ገበርና ጨርቅ ሆነው አብረው ተሰፍተው ስለነበር በአንድ ጭብጨባ ሁለቱም አለፉ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ትርፍ በእጄ የገባው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ የቀረው «ለረጅም ጊዜ አስቡ» እየተባለ ወረቀት ሆኖ ተጨመረልኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ዘንድ ሁለቱም ተገናኝተው ይኸው በሰላም ይኖራሉ።

ሁለተኛው ስለ ታላቅ ወንድሜ ነው። ባሕር ማዶ የአውቶቡስ ሹፌር ሲሆን፣ በየወሩ ከደመወዙ ቆንጠር እያደረገ እዚያ ባለው ገበያ የብዙ መቶ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድ ላይ ይገዛል። ያኔ እኔ ያለኝን ሁሉ ለእርስዎ ሳስረክብ «እቱ፣ ለአንድ ፋብሪካ ብቻ አትስጪ፤ ደግሞስ ጠርሙስ መሆኑን አትርሺ» ብሎኝ ነበር። እኔም የእርስዎን ቃል ተውሼ «አንተ አገርህን ረሳህ፣ አሁን ደግሞ እኔን ልታስረሳኝ ነው?» ብዬ ጆሮው ላይ ስልኩን ዘጋሁበት።

እውነቱን ለመናገር የእሱም ገበያ ገነት አይደለም። አንድ ዓመት ሲሶው ቀልጦበት እንቅልፍ አጥቶ ነበርና፣ ደንግጦ እንዳይሸጥ ሚስቱ ስልኩን ዱቄት ማስቀመጫ ውስጥ ደብቃበታለች። ለእኔ ዓይነቷ ደግሞ እዚያ መግዛት በአቅምም በሕግም የሚሞከር ስላልሆነ፣ እዚህ በመግዛቴ አልጸጸትም። ልዩነቱ ግን እሱ የአክሲዮኑን ዋጋ በፈለገው ሰዓት ያያል፤ ባሰኘው ቀን መሸጥ ይችላል፤ እየቻለ አልሸጠም። ክቡር ሰብሳቢ፣ በእኔ ጭንቅላት የገባኝ ይህች ናት፦ ለረጅም ጊዜ ማስቀመጥ ማለት መውጣት እየቻሉ መቆየት ነው። በሩ ከውጭ የተቆለፈብኝን ሴት ትዕግሥተኛ ብለው ማመስገንዎ፣ እስረኛን ቤት ወዳድ ነው ብሎ እንደ ማሞገስ ነው።

ሦስተኛው የሱቄ ነገር ነው። ለአሥራ ሰባት ዓመት የሠራሁባት አንዲት የኪራይ ክፍል ነበረችኝ፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ ያለ መብራት የሚያሳይ ሰፊ መስኮት። ባለቤቷ አሮጊት ልጃቸው ዘንድ ለመኖር ሲነሱ «ለሌላ ከምሸጠው አንቺ ብትገዥው ደስ ይለኛል፤ ሁለት ወር እጠብቅሻለሁ» አሉኝ። አክሲዮኔን ሸጬ ባጠራቀምኩት ላይ ብጨምረው ይበቃ ነበር። ገዥም አላጣሁም፤ ጎረቤቴ መድኃኒት ሻጩ ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ዋጋ ሊወስደው እጁን ዘርግቶ ነበር።

ቢሮዎ ግን አክሲዮን የሚዛወረው ቦርዱ ሲፈቅድ እንደሆነ፣ ቦርዱም ስለ ዝውውር የሚነጋገረው በሦስት ወር አንዴ እንደሆነ በጨዋ ቋንቋ አስረዳኝ። እንደ ዕድል ሆኖ ስብሰባው በዚያው ወር ላይ ዋለና ደስ ሲለኝ፣ ገዥው «በኩባንያው የማይታወቅ ሰው» ነው ተብሎ ጥያቄዬ ውድቅ ሆነ። የሰፈሩን ሁሉ ሳልና ቁርጠት በስም የሚያውቅ ሰው የማይታወቅ ከተባለ፣ እናንተ ጋ ለመታወቅ ምን ዓይነት በሽታ እንደሚያስፈልግ እንጃ።

ለካ መልሱ መንገድ ላይ ነበር። በአራተኛው ቀን አንድ ድምፁ ቅቤ የሆነ ሰው ደውሎ «እትዬ፣ መቸገርዎን ሰማሁ፤ በግማሽ ዋጋ ልገላግልዎት፤ የቦርዱን ፈቃድ ለእኔ ይተዉት» አለኝ። ማን ነግሮህ ነው ብዬ ብጠይቀው «ምንም አያስቡ፣ ቤተሰብ ነን፤ የሰብሳቢው ሚስት ወንድም ነኝ» አለ። ማፈር የለ፣ መሸማቀቅ የለ፤ እንደ ዋስትና አድርጎ ነው የነገረኝ። ስልኩን ዘግቼ እጄን በሳሙና ታጠብኩ። ከጨርቅ ጥቅል ውስጥ የሞተ አይጥ አውጥቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን እጄን አሽቼ አልታጠብኩም።

አልሸጥኩለትም። አሮጊቷም አሥር ቀን ጨምረው ከጠበቁኝ በኋላ፣ አይፈረድባቸውም፣ ክፍሏን ለስልክ ሽፋን ነጋዴ ሸጡ፤ እሱም ያንን መስኮት በማስታወቂያ ደፈነው። አሁን አንዱ መኪናዬ አልጋችን ግርጌ ቆሟል፣ ሌላው ተሸጧል፤ ደንበኞቼ ልብስ የሚለኩት ማድ ቤት ነው፤ ባለቤቴም ከመተኛቱ በፊት አልጋውን ለመርፌ ፍለጋ በማግኔት ይዳብሳል።

አራተኛ ልል ነበር፤ ግን ቅሬታዬ እዚህ አልቆ ደስታዬ ስለሚጀምር ቁጥሩን ትቼዋለሁ። ሱቅ ሳለኝ ከጠዋት እስከ ማታ ከወንበሬ የማልነሳ ሴት ነበርኩ። ዛሬ የሰፋሁትን ራሴ በየቤቱ ስለማደርስ፣ እግሬ ቆሞ አያውቅም፣ አፌም እንደዚያው። ልብስ እያስለካሁ አንዱን ስጠይቅ ወደ ሌላው ሲመራኝ፣ አክሲዮናቸውን ለመሸጥ የሞከሩ ዘጠኝ ሰዎች አገኘሁ። የዘጠኙም ገዥ «የማይታወቅ» ተብሏል፤ ለዘጠኙም በሳምንቱ ውስጥ ያው ቅቤ ድምፅ ደውሏል። ሁለቱ ሸጠውለታል፤ አንዷ እናቷን ቀዶ ሕክምና ለማስገባት የተጣደፈች ነርስ ናት። እሷ ስትነግረኝ አለቀሰች፤ እኔ ግን እንባዬ ሳይሆን ሐሞቴ ነው የመጣው።

በዚህ መሀል ጡረተኛውን አስተማሪ ይቅርታ ጠይቄ የመተዳደሪያ ደንቡን ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን ወልውለው ሲያነቡ ቆዩና፣ ከመቶ አሥሩን አክሲዮን የያዙ ሰዎች ተባብረው ከፈረሙ ቦርዱ ልዩ ጉባኤ የመጥራት ግዴታ እንዳለበት ከመጨረሻው ገጽ ላይ አገኙት። «አየሽ፣ አሁን አጨብጭቢ» አሉኝ። ሃምሳ ሦስት ሰዎች ሆነን፣ በትናንትናው ዕለት አሥራ አንድ ከመቶ ደርሰናል፤ ማመልከቻውም ዛሬ ጠዋት በመዝገብ ቤትዎ ማኅተም ተመትቶበታል። አጀንዳችን ሁለት ብቻ ነው፦ ማንም ባለ አክሲዮን ለፈለገው ሰው በግልጽ ዋጋ እንዲሸጥ፣ እና የባለቤትዎ ወንድም ከማን፣ መቼ፣ በስንት እንደገዙ በጉባኤው ፊት እንዲነበብ።

ጉባኤው ሱቄን እንደማይመልስልኝ አውቃለሁ። እዚያ መስኮት ሥር ዳግመኛ አልሰፋም። ነገር ግን እርስዎ ሱቄን ባያሳጡኝ ኖሮ ሃምሳ ሁለት ሰዎች ደጅ የምዞርበት ጊዜ ከየት አገኝ ነበር? ስለሰጡኝ ትርፍ ጊዜ፣ ከሌላው ትርፍ በተለየ ሳይጓደል በእጄ ስለገባልኝ፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ከታላቅ አክብሮትና ከአሥራ አንድ ከመቶ ድምፅ ጋር፣

ሁለት መቶ አክሲዮን ገዝታ የገባች፣
ሱቅ አልባ ሆና የቆየች፣
መውጣቱንም ለጊዜው የተወችው ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ግልጽ ያደረግሁት አሽጌ የላክሁልዎ ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላጡ ነው። ጸሐፊዎ ሦስቱንም ጠረጴዛዎ ላይ በየተራ እንዳስቀመጠችልዎ ነግራኛለችና እባክዎ እሷን እንዳይጠረጥሩ። እሷም ሃምሳ አክሲዮን አላት፤ ፊርማዋ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ይህችን መስመር ጨምሪልኝ ያለችኝም ራሷ ናት።