ጨው ያልነካት መኪና

ኤፕሪል 3፣ ሐሙስ

ጠዋት የአጃ ገንፎ። ያለ ስኳር፣ ያለ ወሬ። ጡረታ ከወጣሁ ሦስተኛ ሳምንቴ። ውጭ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሁሉ ጭቃና ጨው... እኔው የበተንኩት ጨው። ሠላሳ አንድ ክረምት የወረዳችን፣ የካውንቲው፣ በረዶ ጠራጊ መኪና ላይ ተቀምጬ በረዶው እንዲቀልጥ ጨው በተንኩ። የሰዉን ሁሉ መኪና ከስር በዝገት አስበላሁት። የራሴንም ጭምር። ፒካፕ መኪናዬ ወለሉ ተበልቶ፣ ስነዳ እግሬ ስር አስፋልቱ ሲሮጥ ይታየኛል። ያስጠላል።

ብሎን ልገዛ ሄድኩ። ሱቁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ካርድ ተለጥፏል። የጥርስ ሐኪሙ የላይል ቶርቪክ መኪና ልትሸጥ ነው። የጀርመን ስፖርት መኪና፣ ብርማ፣ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከታች በእጁ "ጨው ነክቷት አያውቅም" ብሎ ጽፎበታል። እዚያው ቆሜ ሦስቴ አነበብኩት። ብሎኑን ረስቼ ተመለስኩ።

ለሚስቴ ለማርሊስ ነገርኳት። "እንዲያ ነው?" አለችና ጠረጴዛውን ወለወለች። ጠረጴዛው ንጹህ ነበር። ከዚያ ዳሌዋን ይዛ፣ በየደረጃው እየቆመች ወደ ላይ ወጣች። እንዲህ ስትሆን ሁለት ዓመቷ።

ኤፕሪል 5፣ ቅዳሜ

ሄጄ አየኋት። ለማየት ብቻ ነው... ማንን ነው የማታልለው?

የላይል ጋራዥ ከኔ ወጥ ቤት ይጸዳል። ወለሉ ሳይቀር ቀለም ተቀብቷል። አሁን ጫማህን አውልቅ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር። መኪናዋን ነጭ ጨርቅ አልብሷታል። ጨርቁን እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ ቀስ ብሎ ገለጠው። በስልሳ ስምንት ዓመቱ! ቀፈፈኝ።

ግን ስሯ ገብቼ በጀርባዬ ተንጋለልኩ። እኔስ በስልሳ ሦስት ዓመቴ ምን እያደረግኩ ነው? አንዲት የዝገት ነጥብ የለባትም። ብረቱ ያበራል። እንዲህ ያለ የመኪና ሆድ አይቼ አላውቅም። እውነቱን ልጻፍ፣ ልቤ ደነገጠ።

ውስጧ ግን የሽቶ መዓት ነው። ከወንበሩ ስር፣ ከበሩ ኪስ፣ ከየስርቻው ያ ልብስ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ የሚጨመር ሽቶ የነካው ስስ ጨርቅ ተወትፏል። እኛ አገር መኪናውን አቁሞ የሚከርም ሰው ሁሉ ያደርገዋል፣ አይጥ ሽታውን ትጠላለች ይባላል። ግን ይህን ያህል? ሙሉ ካርቶን ሳይጨርስበት አልቀረም።

"እህ፣ እንዴት አገኘሃት?" አለኝ ላይል።

"መጥፎ አይደለችም።"

ፊቱ በራ። እኛ ዘንድ ከዚህ በላይ ሙገሳ የለም።

ኤፕሪል 8፣ ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ሳስባት ዋልኩ። ከሚስቱ ተደብቆ እንደሚማግጥ ሰው። አስቀያሚ ነገር።

ኤፕሪል 10፣ ሐሙስ

ላይል ደወለ። "አንድ የሚኒያፖሊስ ከተማ ሰው ሊያያት ይፈልጋል። እኔ ግን ላንተ ባቆያት ደስ ይለኛል።"

"አመሰግናለሁ" አልኩት። በቃ፣ አለቀ። "ሚስቴን ላማክር" ማለት ነበረብኝ። "ገና አልወሰንኩም" ማለት ነበረብኝ። በዚህ ከተማ አመሰግናለሁ ያለ ሰው ግማሹን ገዝቷል።

ለምንድን ነው የፈለግኳት? ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሁሉ ሳይነሳ ተነስቼ የሰውን መንገድ ጠረግኩ። ንጹህ ነገር በእጄ ገብቶ አያውቅም። አንዲት በጋ እንኳ፣ አንዲት... ይህ ሰበብ ነው ወይስ እውነት? ሁለቱም መሰለኝ።

ማርሊስን "ላይል ሊያቆይልኝ ነው" አልኳት።

"አንተን ደስ ካለህ" አለች። ዕቃ ማጠብ ጀመረች።

ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬያት ኖሬ ይህ ጠፍቶኝ ነው? እዚህ ሰው እምቢ አይልም። ደስ ካለህ ይልና ዕቃ ያጥባል። ኋላ አላወቅኩም እንዳልል እዚህ ልጻፈው፦ አልፈለገችም፣ አውቃለሁ። ስለሚመቸኝ ብቻ እሺ ብላለች ብዬ ያዝኩት።

ደግሞ መኪናዋ ዝቅ ያለች፣ መሬት ለመሬት ናት። ሁለተኛው ወንበር የማን ነው? ማርሊስ ከተራ ወንበር ስትነሳ እንኳ ጠረጴዛ ትደገፋለች። ብገዛት በጋውን ሙሉ ብቻዬን ነው የምነዳው፣ እሷ ቤት ትቀራለች። ይህን ሳላስበው ቀርቼ አይደለም። አስቤው ዘለልኩት። ምን ዓይነት ሰው ሆኛለሁ?

ኤፕሪል 12፣ ቅዳሜ

ማርሊስ "እኔም ልያት" አለች። ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሰውን ካፖርት ለበሰች።

መኪናዋ ውስጥ መግባቱስ ገባች። ወደቀች ማለት ይቀላል። ብርድ ስለሆነ ጣሪያውን አልከፈትንም፣ ሐይቁ ገና በረዶ ነው። ማሞቂያውን ከፈትኩ። ያኔ መጣ። ከሽቶው ስር ሌላ ሽታ... ሞቅ ያለ፣ ኮምጣጣ፣ ዓይን የሚያቃጥል። የአይጥ ሽንት። ጎተራ ውስጥ ነው ያደግኩት፣ አልሳሳትም። ማርሊስ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አደረገች። ስለ ሽታው ቃል አልተነፈሰችም። እኔም አልተነፈስኩም። አምስት ማይል ሄደን አምስት ማይል ተመለስን፣ ሁለታችንም በአፋችን እየተነፈስን፣ ዘንድሮ የሐይቁ በረዶ መቼ ይቀልጥ ይሆን እየተባባልን። እኛን ብሎ ሰው!

መውጣት አቃታት። ሁለቴ ሞክራ ተመልሳ ተቀመጠች። ላይል በአንድ ክንዷ፣ እኔ በሌላው፣ እንደ ድንች ጆንያ ጎትተን አወጣናት። ካፖርቷ ተጠቅልሎ ወደ ላይ ወጣ። "አይዞሽ፣ ቀስ በይ፣ ማን ያስቸኩልሻል" ይላል ላይል፣ ያን ነጭ ጥርሱን እያሳየ።

እሷ ፊቷ ቀልቶ፣ "አመሰግናለሁ። ምቹ መኪና ናት" አለችው።

ምቹ። በጥፊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። መንገዱን ሙሉ ዳሌዋን ስታሽ መጣች፣ እኔም ሬዲዮ ከፈትኩ።

ኤፕሪል 13፣ ሆሳዕና

ከጸሎት በኋላ ቡናና ኬክ ሲቀርብ ሦስት ሰው መጥቶ "የላይልን መኪና ልትገዛ ነው አሉ" አለኝ። ሦስቱም "ለየት ያለ ነገር ነው" ብለው ወደ ኬኩ ሄዱ። ጃጅተሃል ማለታቸው ነው። ጃጅተሃል ቢሉኝ ምን ነበረበት?

ኤፕሪል 15፣ ማክሰኞ

ቁልፉን ከላይል ተቀብዬ መኪናዋን ወደ ዴልበርት ወሰድኳት። የካውንቲው ሜካኒክ ነው፣ ሃያ ዓመት አብረን ሠርተናል። የቴክሳስ ሰው ስለሆነ አፉ በር የለውም። በሩን ከፍቶ ጭንቅላቱን ከተተና ወዲያው መለሰው።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን ሞቶባት ነው?"

"ትንሽ ሽታ አላት" አልኩ።

"ትንሽ ይላል እንዴ! አንተ አፍንጫህንም ለካውንቲው አስረክበህ ነው እንዴ ጡረታ የወጣኸው?"

ጣሪያው ታጥፎ የሚገባበትን የኋላ ክዳን አነሳው። የአይጥ ጎጆ። የወንበር ስፖንጅ፣ የጣሪያ ጥጥ፣ ሁሉም ተበጥሶ፣ ተፈትሎ፣ ተጎዝጉዞ። ሽንቱ ብረቱ ላይ ቢጫ ሆኖ ደርቋል። የኤሌክትሪክ ሽቦው ተግጦ መዳቡ ወጥቷል። በዚያ መሀል የደረቁ አይጦች፣ ፀጉራቸው ከስፖንጁ ጋር ተጣብቆ... ዴልበርት በመፍቻ እየለቀመ አሥራ አንድ ቆጠረ። ከዚያ ወዲያ እንዳይቆጥር ለመንኩት።

ከሁሉ የከፋው ግን ከላይ ያለው ነው። ጎጆው ላይ አዲስ ሽቶ ያለው ጨርቅ ተነጥፏል። ተጣጥፎ፣ ጠርዝ ለጠርዝ ተስተካክሎ።

"አይጥ ጨርቅ አታጣጥፍም" አለ ዴልበርት። "ሰውዬህ ከፍቶ አይቷል። አይቶ፣ አልብሶ፣ ዘግቶታል። እናንተ የዚህ አገር ሰዎች ስትገርሙኝ! ሬሳ ላይ ሽቶ ትረጫላችሁ እንጂ ሸተተ አትሉም።"

ወጥቼ ደጅ ተፋሁ።

ቁልፉን ልመልስ ሄድኩ። ላይል ዓይኑን በጨው ታጥቦ በር ላይ ቆሟል። "እህ፣ ሜካኒኩ ወደዳት?"

ምን አልኩት? "እስቲ እናስብበታለን።" የአይጥ ሬሳ ስቆጥር ውዬ እናስብበታለን አልኩት! ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው ያንን ክዳን ከፍቶ አላየም። ከላይል ይልቅ የራሴ ነገር ቀፈፈኝ። እሱ እንኳ ሊሸጥ ነው የደበቀው። እኔ ቅዳሜ ሚስቴን አጠገቤ አስቀምጬ እያፈንኳት የደበቅኩት ለምንድን ነው?

ኤፕሪል 16፣ ረቡዕ

እራት ላይ ለማርሊስ ሁሉን ነገርኳት። አይጦቹን፣ ጨርቁን፣ ቅዳሜ ሽታው ሸቶኝ ዝም ማለቴን።

"እኔንም ሸቶኛል" አለች።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"አንተ ዝም ስላልክ።"

ሹካዋን አስቀመጠች። ተነስታ ዕቃ ልታጥብ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አልተነሳችም።

"ስማኝ፣ መኪናዋን አልፈልጋትም። ብትሸትም ባትሸትም። እኔ አልገባባትም። አንተ ብቻህን ስትሄድ በመስኮት ቆሜ ማየት አልፈልግም።"

በሠላሳ ስምንት ዓመት አልፈልግም ስትል የሰማሁት ዛሬ ነው። ደነገጥኩ። ደስ አለኝም መሰለኝ... እንጃ።

ኤፕሪል 17፣ ሐሙስ

ላይል ዘንድ ሄድኩ። ጋራዡ በር ላይ ቆምኩ፣ ግባ ቢለኝም አልገባሁም።

"ላይል፣ መኪናዋን አልገዛም።"

"ዋጋው ከሆነ እንነጋገርበታለን..."

"ዋጋው አይደለም። የአይጥ ሽንት ትሸታለች። ከኋላ ክዳኑ ስር ጎጆ አለ። አንተም ታውቃለህ።"

አንገቱ ቀላ። "እዚህ አገር አይጥ ያልገባበት ጋራዥ የት አለ?" አለ።

"አይጥማ ይገባል። ጨርቁን አጣጥፎ ያነጠፈው ማነው?"

የጋራዡን በር እጀታ ያዘ።

"ለሚኒያፖሊሱ ሰውዬ ንገረው" አልኩ። "አንተ ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ።"

"እንዲህ ዓይነት ሰው አትመስለኝም ነበር" አለኝ።

"እኔም አይመስለኝም ነበር።"

የኛ ሰው ሲሰነባበት በር ላይ ግማሽ ሰዓት ይቆማል፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ ልጆቹ። ዛሬ በሩ ወዲያው ተዘጋ። ፒካፔ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን አስነሳሁ። ጥርሴን ከእንግዲህ ማን እንደሚሞላልኝ እንጃ።

ኤፕሪል 21፣ ሰኞ

ዛሬ ቁርስ ላይ ለላይል ያልኩትን ለማርሊስ ለአራተኛ ጊዜ ተረክሁላት። ጀግና መስዬ። አስጨርሳኝ፣ "አፍህ ከተከፈተ አይቀር አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለች።

"ጠይቂኝ።"

"የዛሬ ሁለት ዓመት ሐኪሙ ዳሌዬ ይቀየር ሲል፣ ወዳንተ ዞሮ 'እርስዎስ ምን ይላሉ?' አለህ። ምን እንዳልከው ታስታውሳለህ?"

"የሷ ጉዳይ ነው፣ እሷ ትወስን አልኩ።"

"ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ እያየህ።"

"እንዳልጫንሽ ብዬ ነዋ! ኦፕራሲዮን ነው፣ ስንት ነገር አለበት። እንድታደርጊው ሌት ተቀን እያሰብኩ..."

"እኔ ያልፈለግክ መሰለኝ" አለች። ዳቦውን ትቆራርሳለች፣ አትበላውም። "ሳምንታት አልጋ ላይ መሆኔ፣ አንተ ስታጥበኝ፣ ሽንት ቤት ስትወስደኝ... ሳስበው፣ እኔን መንካቱ የቀፈፈህ መሰለኝ። ስለዚህ ይቅር አልኩ። ይሻለኛል አልኩህ። አልተሻለኝም።"

ሁለት ዓመት። የቀፈፍኩት መሰለኝ ብላ ሁለት ዓመት ታመመች። እኔ ደግሞ ጨዋ ሰው ነኝ፣ ሚስቴን አልጫንም ብዬ ስኮራ ነበር።

"ማርሊስ፣ ቀፍፈሽኝ አታውቂም። አንድም ቀን። ዳሌሽ እንዲቀየር ፈልጌ ነበር። አሁንም እፈልጋለሁ።"

"ታዲያ ንገረኝ እንጂ!" አለችና አለቀሰች። እኔም ገንፎዬ ላይ አለቀስኩ።

ሳህኑ ሳይነሳ ሐኪም ቤት ደወልኩ። ለኦፕራሲዮኑ ጁን ዘጠኝ፣ ሰኞ ጠዋት ቦታ አለ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ስም፣ የልደት ቀን፣ ምኑን ሁሉ ጠየቀች። መጨረሻ ላይ "ከወጡ በኋላ ቤት የሚያስታምማቸው ሰው አለ?" አለችኝ።

ማርሊስ ከጠረጴዛው ማዶ ታየኛለች። ዓይን ዓይኗን እያየሁ፣ "አለ፣ እኔ ነኝ" አልኩ።