ደም የሞላባቸው መጻሕፍቴ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ለዓይኔ ብርሃን፣ ለልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ በብርድ ያጉረመርማል፤ ልማዱ ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

በስልክ «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ ደም የሞላበት የወንጀል ታሪክ ምን ያደርግልሻል? የሚያጽናና ነገር አንብቢ» አልሽኝ። መልስ ሳልሰጥሽ መስመሩ ተቋረጠ። እንግዲህ በወረቀት ተቀበይ፤ አልተውም!

የማነበው መርማሪ ጻድቅ አይደለም። ይጠጣል፣ ይደበደባል፣ ጫማው ውኃ ያስገባል። ከተማው ገምቶ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ «ምንም አይሸትም» ሲል እሱ ብቻ «ይሸታል» ይላል። ትልልቆቹ አብዛኛውን ጊዜ ያመልጡታል። ቢሆንም ጠይቋል። እኔን የሚያጽናናኝ ይኸው ነው።

በልብስ ስፌት ፋብሪካው አጠገቤ የምትሰፋዋን ሳቂታዋን ታስታውሻታለሽ? ከፎቁ ደረጃ ወድቃ ሞተች። የደረጃው መደገፊያ ብረት ከተነቀለ ቆይቶ ነበር፤ ለአለቃችን ነግረነው ነግረነው ደክሞናል። በማግስቱ ፖሊስ ሲመጣ ብረቱ ተበይዶ፣ ቀለም ተቀብቶ ጠበቀው።

«ራስ ማዞር ነበረባት» አለ አለቃው፤ «ቀኗ ደርሶ ነው።»

ሁሉም ወደ ስፌት መኪናው አጎነበሰ። እኔ ተነሣሁ። ጀግና ሆኜ እንዳይመስልሽ፤ ያ መርማሪዬ በእንዲህ ያለ ቦታ ዝም ሲል አንብቤ ስለማላውቅ ነው።

«ጌታዬ፣ እስቲ ብረቱን ይንኩት» አልኩ።

ፖሊሱ ነካው። መዳፉ ቀለም በቀለም ሆነ።

«መቼ ነው የተቀባው?» አለ ወደ አለቃው ዞሮ።



«እሷ ከወደቀች በኋላ ነዋ!» አልኩ። ያን ጊዜ የሌሎቹም አፍ ተፈታ።

አለቃው አሁንም በመኪናው ይንፈላሰሳል፤ የተባረርኩት እኔ ነኝ። ግን ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ ምስክር ነኝ። እሑድ እሑድ ሴቶቹ ክፍሌ ይሰበሰቡና አነብላቸዋለሁ። የሳቂታዋ እናትም ትመጣለች። ገዳዩ ሊያዝ ሲል «ቀስ በይ፣ እንዳታልፊው» ትለኛለች።

በሬ ላይ ሁለተኛ ቁልፍ አስገጠምኩ። ሰሞኑን ነፋሱ ማንኳኳት አብዝቷል።

«ልምጣ ወይ?» ብለሽኝ ነበር። ሥራሽን አትፍቺ፤ እኔን የሚነካኝ የለም። ክፉ አይይሽ፤ ለማንም የሚያጎነብስ አንገት አይስጥሽ።

ድንገት ከመጣሽ ግን፣ ከማንኳኳትሽ በፊት ድምፅሽን አሰሚኝ።

የማትበገረው እናትሽ